ባለ አንድ ዓይን ነገሥታት

«በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው!» አሉ እትዬ አሰለፈች፣ የተከፈተውን መሳቢያ በነጠላቸው ጫፍ እየገፉ። «የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አላየሽም? ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ያዩሻል። ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን ናቸው።»

ስርጉት መሳቢያው እንዳይዘጋ በእጇ ያዘችው። የባሏ የጉግሳ ሣልስት ነው። አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ማኪኒ ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል። ሹራብ ልትደርብ ወደ መኝታ ቤት ብትገባ፣ የጉግሳ ታላቅ እህት የራስ ምታት መድኃኒት ፍለጋ ቀድመዋት ገብተው፣ የሟቹን መሳቢያ ከፍተው ደርቀው ቆመዋል። ከካልሲዎቹ አጠገብ፣ ከፈይ በለበሰ የእንጨት ትሪ ላይ፣ የጥንት የሮም የብር ሳንቲሞች ተደርድረዋል። ብር ይባሉ እንጂ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ንጉሥ አፍንጫውን አሹሎ ወደ ጎን ያያል።

«ቄሱ ሳይደርሱ ከዚህ ቤት ይውጡልኝ። ወንድሜ ጣዖት ታቅፎ ኖረ ሲባል አልሰማም!»

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሣሎን ገባ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ጥቁር ጥቁር ምስል ነው አሉ» ተባለ በር አካባቢ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ያለ ሰው ሊወቅስ እንደተዘጋጀ ማን ያጣዋል! «ለካ ቅዳሴ ላይ ኋላ ኋላ የሚቆመው ወዶ አይደለም» አለች ሌላዋ። ስርጉት ሰማች። ባሏን ሞት ወሰደው፤ ስሙን ደግሞ እነዚህ ሻይ እየጠጡ ሊወስዱት ነው።

የጉግሳ የሥራ ባልደረባ ሞላልኝ ሊገላግል ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

«ማለቴ፣ ስርጉትዬ፣ ለምን ፖሊሽ አናደርጋቸውም? ክሊን ሆነው ካበሩ እኮ ማንም አይፈራቸውም።»

«ይህን ጉግሳ ፊት ብትለው ኖሮ በእግርህ አትወጣም ነበር።»

እውነቷን ነው። ዳላስ የሳንቲም ገበያ ሲቆም፣ ሌላው የሚያብረቀርቀውን ሲሻማ ጉግሳ ጥቁር ጥቁሩን ይለቅም ነበር። «ይሄ እድፍ አይደለም» ይላል፣ «ብሩ ራሱ በዘመን ብዛት ያወጣው ቆዳ ነው። ፈገፈግሽው ማለት ገፈፍሽው ማለት ነው።» ለብዙ ጊዜ የወንድ እብደት ብላ ታልፈው ነበር። አንድ ቀን ግን፣ ትዕግሥቷ አልቆ፣ ሰው ሲሰበስብ ቴምብር ይሰበስባል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው የነገሥታት ፊት የምትለቅመው ብላ አፋጠጠችው።

«ተማሪ ሆኜ በደርግ ጊዜ ስታሰር» አላት፣ «የምንገረፍበት ክፍል ግድግዳ ላይ የዚያ ሰውዬ ፎቶ ነበር። ስጮህም ያየኛል፣ ዝም ስልም ያየኛል። ስሙን በሹክሹክታ እንኳ አንጠራም። እነዚህም በጊዜያቸው እንደዚያ ነበሩ። አሁን የምዘጋባቸው እኔ ነኝ።» ከዚያ መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋና ሳቀ። ስለ እስሩ ሲያወራ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስርጉት ትሪውን ከመሳቢያው አንስታ ወደ ሣሎን ወጣች። ከዴንተን ከተማ የመጣችው ልጇ ሊና አየቻት።

«ማሚ፣ ሹር ነሽ?»

«ሹር ነኝ። ብርጭቆዎቹን አንሺልኝ።»

ትሪውን ለቀስተኛው ሁሉ መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ወንድምዎን የገረፉት ሰዎች የአለቃቸውን ፎቶ ሲሰቅሉ፣ ጣዖት ነው ያለ ሰው አልነበረም። እሱ እነዚህን ስለቆለፈባቸው ነው ጣዖት አምላኪ የሚባለው?»

እትዬ አሰለፈች ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሴት አይደሉም።

«ሰማዕታቱን የፈጀው ዲዮቅልጥያኖስስ? እሱም አለ?»

«አለ እንጂ! ይኸውልዎ።» ስርጉት ከሁሉ የጠቆረውን በሁለት ጣቷ አነሳች። «ጉግሳ ይዞት የመጣ ቀን ምን አለኝ መሰለዎ? ‹እንኪ፣ የሰማዕታቱን ገዳይ ማርኬልሽ መጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግዛቱ ከካልሲዬ አያልፍም።›»

ከለቀስተኞቹ መሐል አንዱን ሳቅ አመለጠው፤ ሌላውም ተከተለ። ሞላልኝ ሊስቅ ጀምሮ አለቀሰ። እትዬ አሰለፈች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር» አሉ በነጠላው ውስጥ። «እንዲህ ነበር፣ ወንድሜን!»

ቄሱ የገቡት ይሄኔ ነው። ሰው ሁሉ ተነሣ። ጠረጴዛውን አይተው ቆም አሉ።

«ምንድን ናቸው?»

«ነገሥታት ናቸው አባ፤ ጉግሳ ያሰራቸው። የትም አይሄዱም» አለች ስርጉት፣ ማንም ሳይቀድማት።

ቄሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው አዩ። እትዬ አሰለፈችን አዩ። መልሰው ስርጉትን አዩ።

«ካሰራቸውማ» አሉ፣ «ጸሎቱን ይስሙ።» መስቀላቸውን አውጥተው ጀመሩ።

ስርጉት ያነሳችው ሳንቲም አሁንም በእጇ ነበር። ጉግሳ የጣት ወዝ ያበላሸዋል ብሎ ፊቱን አያስነካም። ስትሳሳት ካየ፣ ሰው ይኑር አይኑር፣ «በጠርዙ! በጠርዙ!» ብሎ ይጮኽባት ነበር። አውራ ጣቷን ቀስ አድርጋ ጥቁሩ ፊት ላይ አሳረፈችና ጫነችው። ጆሮዋን ወደ መኝታ ቤቱ አቅንታ ጠበቀች።

ማንም አልጮኸባትም።