የስለት መጋረጃ

ማሬ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ አንድም ቀን «እማ» ብላ አታውቅም።

ይህን ልብ ያለ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም ጨዋ ነበር የሚላት። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል የልብስ ስፌት ቤት አለች፤ የእናቷ የአዜብ ናት። ልብስ ሊያሰፋ የገባ ሁሉ ከሲንጀሩ እግር ስር ቁጭ ብላ ስልክ ላይ ያቀረቀረችውን ልጅ አይቶ አድንቆ ነው የሚወጣ። አታለቅስም፣ ክር አትጎትትም፣ መቀስ አታነሣም።

«የኔዎቹ እኮ አፋቸው ወፍጮ ነው» ትላለች ጎረቤቷ እትዬ ዘርፌ። «ያንች ግን ምን አብልተሻት ነው እንዲህ የታረመች?»

አዜብም ደስ ይላት ነበር። በኛ አገር ልጅ የሚመሰገነው ዝም አለ ተብሎ ነው። አፉን የሚከፍተውማ አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ነገሩ የተጀመረው ማሬ ስትድህ ነው። አንድ ቀን የሲንጀሩን ቀበቶ ያዘች፤ ጣቷ ለጥቂት ተረፈች። አዜብ ለባሏ ደወለች። ባሏ ላቀው፣ ወገዳ የምትባል አገር አስተማሪ ነው፤ መንገድ ሲገኝ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሲመጣ አሮጌ ስልኩን ይዞላት መጣ፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረ እንዳይቸግር ሚሞሪውን ሙሉ የፈረንጅ ልጆች ፊልም አስጭኖበታል።

«ትማርበት» አለ።

አዜብ ስልኩን ከሲንጀሩ እግር ጋር አስደገፈችው። ልጅቷ ጸጥ አለች። የዚያን ቀን አዜብ ሁለት ቀሚስ ጨረሰች። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።

ሁለት ዓመት ሲሞላት ማሬ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» አለች። ላቀው ከወገዳ እየደወለ «ስፒከር ላይ አድርጊልኝ» ይልና ለአስተማሪ ጓደኞቹ ያሰማል። ሰማያዊ ነገር ካየች «ብሉ» ትላለች። ውሃ ሲጠማት ግን ውሃ አትልም፤ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ጀሪካኑ ትጎትታለች። እጇን ነው የምትይዝ፤ ፊቷን አታይም።

«አዜብ፣ ከማን ፈረንጅ ነው የወለድሻት?» ይላል ደንበኛው።

አዜብም ትስቅ ነበር።

መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ልታስመዘግባት ወሰደቻት። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ «ማሬ» አለች። ማሬ ግድግዳውን ታያለች። «ማሬዬ።» ምንም። ከኋላዋ ሄዳ አጨበጨበች። ምንም።

«ሰው ታፍራለች» አለች አዜብ።

ይሄኔ የአስተማሪዋ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ። ማሬ ዞረች። ሄዳ ቦርሳውን መበርበር ጀመረች።

አስተማሪዋ መዝገቡን ዘጋችው። «እህቴ፣ ጤና ጣቢያ አሳዪያትና ተመለሽ። ቦታዋን እይዝላታለሁ።»

ጤና ጣቢያ ሲስተር ፋሲካ አየቻት። ፋሲካ አፏ ፈጣን ነው፤ ጥያቄውን ደረደረችው። ስትወለድ አልቅሳለች? ትኩሳት ጥሏት ያውቃል? በዘር እንዲህ ያለ አለ? ከዚያ፣ «ስልክ ታያለች?»

«እ… ታያለች።»

«በቀን ምን ያህል?»

አዜብ ዞር አለች። ከኋላዋ ወረፋ የያዙ ሴቶች ናቸው፤ እትዬ ዘርፌም አለችበት። ሁሉም ጆሮ ሆነዋል።

«ትንሽ ናት። ግማሽ ሰዓት ብትሆን ነው።»

ፋሲካ ጻፈችው። «እንዲያ ከሆነ ጆሮዋ ይታይ» ብላ ለደብረ ታቦር ሆስፒታል ወረቀት ሰጠቻት።

ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ሐኪሙ በመጨረሻ «ጆሮዋ ከኔም ይሻላል» አለ። ምሥራች ያበሰረ መስሎታል። አዜብ ልጇን ዞራ አየቻት። ትሰማኛለች ማለት ነው። እየሰማችኝ ነው የማትመልስልኝ። ደንቆሮ ብትሆን ይሻል ነበር።

ሲመለሱ አውቶብሱ ውስጥ ስልኩ ቻርጅ ጨረሰ። ማሬ ጮኸች። ጭንቅላቷን ከመስኮቱ አጋጨች፤ አዜብ አቅፋ ልትይዛት ስትል ክንዷን ነክሳ አደማቻት። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ አማተቡና፣

«ልጄ፣ ጠበል አስጠምቂያት። ይህ የመርፌ ነገር አይደለም» አሉ።

ጥቅምት መባቻ ላይ አዜብ የስፌት ቤቱን ቆልፋ፣ በሶ ቋጥራ፣ ልጇን አዝላ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጠበል ወረደች። ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለመች። የመቅደሱ መጋረጃ አርጅቷል፤ ጫፉን አይጥ በልቶታል። የሰፊ ዓይን እንዲህ ያለ ነገር አያልፍም። እዚያው ተንበረከከችና ተሳለች።

«ሚካኤል፣ አንዴ እማ ካለችኝ፣ መጋረጃህን በእጄ ሰፍቼ ለኅዳር ንግሥህ አመጣለሁ።»

ጠበሉ በር ላይ ዘበኛው ቅርጫት ይዞ ተቀምጧል። «ስልክ ወዲህ» አለ። ሰጠችው። ሰባት ቀን ሱባኤ ያዘች።

ሁለቱን ቀን ማሬ አበደች። የሴቱ ሁሉ ነጠላ ስር እጇን እየከተተች ስልክ ትፈልጋለች። ስታጣ መሬት ትደበድባለች። አልበላም አለች። «ያደረባት ሊለቃት ነው፤ እየጨነቀው ነው» አለ ጠበልተኛው፤ እየከበበ አማተበባት። በሦስተኛው ቀን ደክሟት ቁጭ አለች። በአራተኛው ጉንዳን ተከትላ ሄደች። በአምስተኛው ከሌላ ልጅ ጋር በጠጠር ተጣላች። በስድስተኛው፣ አጥማቂው አባ ተክለ ሃይማኖት ውሃውን ሲያፈሱባት፣ ከብርዱ ሸሽታ የእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመችና፣

«እማ» አለች።

አዜብ የሌላ ልጅ ድምፅ ነበር የመሰላት።

«እማ።»

ሴቱ እልል አለ። አዜብ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተደፋች። አባ ተክለ ሃይማኖት ቅሉን አስቀምጠው፣ «በይ እንግዲህ፣ ስለትሽን እንዳትረሺ» አሏት።

ዳገቱን ሲወጡ ማሬ በእግሯ ነው የወጣችው። «እማ፣ በግ።» «እማ፣ ነይ።» «እማ፣ ውሃ።» ቤት ሲገቡ ለላቀው ደወለች። ማሬ «አባ» አለችው። ላቀው እያለቀሰ ስልኩን ዘጋ፤ ቆይቶ ደወለ።

በማግሥቱ ፋሲካ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ማሬን አነጋግራት ስትጨርስ አዜብን ትኩር ብላ አየቻት።

«እዚያ ስልክ ነበራት?»

«ስልክማ ክልክል ነው።»

«እንግዲያው አዜብ፣ ስልኩን ተይው። ጠበሉን አልነካሁም፤ ግን ተይው፣ አደራሽን።»

እትዬ ዘርፌ ከበሯ ሆና ሰምታለች። ፋሲካ እስክትርቅ ጠበቀች።

«ይህች ሲስተር የሚካኤልን ሥራ ለስልክ ልትሰጠው ነው እንዴ? የዳነ ዳነ። አንች ደግሞ እንዳትጠራጠሪ፤ ጥርጥር ያስቀስፋል።»

አዜብ አልተጠራጠረችም። እምነት አጉድላ መልአኩን ልታስቀይም? የዳነ ዳነ።

ለመጋረጃው ቀይ ከፋይ ጨርቅ አስመጣች፤ ዘርፉ ወርቃማ፣ መሐሉ ላይ የሚለጠፍ የሚካኤል ሥዕል። ስፌቱን በጀመረች በአራተኛው ቀን የወር አበባዋ መጣ። በዚያ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ጨርቅ አይነካም፤ ከፋዩ ታጥፎ ሳምንት ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ሲወርድ ንግሡ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የተጀመረ የደንበኛ ልብስም አለ።

ማሬ ደግሞ ያቺ ማሬ አይደለችም። «እማ ምንድን ነው?» ትላለች። ዘርፉን ትጎትታለች። ክሩን አገር ለአገር ትዘረጋዋለች። አንድ ቀን አዜብ ለደንበኛ በር ከፍታ ስትመለስ፣ ማሬ ጭቃ በረገጠ እግሯ ከፋዩ ላይ ቆማለች፤ የሚካኤል ክንፍ ላይ።

አዜብ ጨርቁን አጠበች፣ አለቀሰች፣ ጨርቁን ተሳለመች። ከዚያ ከጠበል ከተመለሱ ወዲህ የደበቀችውን ስልክ ከቁም ሳጥኑ ስር አወጣችው። እስኪያልቅ ብቻ፤ ለመልአኩ ስል ነው፤ እሱ ያውቃል።

ማሬ ከሲንጀሩ እግር ስር ገብታ ተቀመጠች። ጸጥ።

መጀመሪያ «በግ» ጠፋ። ከዚያ «ነይ» ጠፋ። አዜብ ልብ አላለችም፤ የሲንጀሩ ጩኸት አለ፣ ዘርፉ ያስቸግራል፣ ከፋይ ደግሞ ከእጅ ይንሸራተታል። አንድ ቀን ክር በመርፌ ቀዳዳ ልታስገባ ዓይኗን አጥብባ ሳለ ከስሯ፣

«እማ» አለች ማሬ።

«ቆይ» አለቻት አዜብ።

የመጨረሻዋ «እማ» ያቺ ናት። ስንት ጊዜ መልሳ መላልሳ አስባዋለች። ቆይ።

መጋረጃው ባለቀ ቀን ስልኩን ቀማቻት፤ ማሬ ነከሰቻት። እዚያችው፣ አውቶብስ ውስጥ ያደማቻት ቦታ ላይ። «እማ በይኝ» አለቻት። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። የልጅቷ ዓይን በእናቷ ጆሮ አጠገብ አልፎ ሄደ። ለመነቻት። ስኳር ሰጠቻት። በመጨረሻ መታቻት፤ ከዚያ የመታችበትን እጇን ራሷ ነከሰችው።

ላቀው ደወለ። «ስጭኛ፣ አባ ትበለኝ።»

«ተኝታለች» አለች አዜብ።

በማግሥቱም ተኝታለች አለችው።

የኅዳር ሚካኤል ለት ሕዝቡ ቁልቁለቱን ሞላው። ከሥርዓተ ንግሡ በኋላ መጋረጃው አውደ ምሕረቱ ላይ ተዘረጋ። ቀዩ በፀሐይ ነደደ። ካህናቱ ጫፍና ጫፉን ይዘው አነሡት፤ እልልታው ገደሉን መታው። አዜብ ማሬን በእጇ ይዛ ከፊት ቆማለች። መቅረት አልቻለችም፤ ስለት ነው። ይዛት ሳትመጣ መቅረትም አትችልም፤ ሕዝቡ ሊያይ የመጣው ልጅቷን ነው።

«ይህች ልጅ ዲዳ ነበረች» አሉ አባ ተክለ ሃይማኖት። «እዚህ ተጠምቃ አፏን ፈታች። እናቷ ስለቷን ይኸው አገባች።» ጎንበስ አሉና፣ «ማሬ፣ የታለች እናትሽ? በይ ጥሪያት» አሏት።

ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ።

ማሬ እሳቸውንም እናቷንም አላየችም። ወደ መጋረጃው ቀረበች። አመልካች ጣቷን አወጣችና የሚካኤልን ፊት ነካችው። ጠበቀች። ከዚያ ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊቱ ላይ ሸርተት አደረገችው። ጠበቀች። ደግማ ሸርተት።

«ተሳለመችው!» አለች እትዬ ዘርፌ። «ልጅት መልአኩን ተሳለመችው!»

እልልታው ተነሣ። ሴቱ እንባውን ጠረገ። አዜብ ብቻ ናት የገባት። ልጇ መልአኩን እያሳለፈችው ነው፤ የሚቀጥለው ፊልም እንዲመጣላት።

«በይ መስክሪ» አሏት አባ ተክለ ሃይማኖት በእልልታው መሐል።

«አባ፣ ግማሽ ሰዓት አልነበረም።»

«ምን አልሽ?»

«ለሲስተር ፋሲካ ግማሽ ሰዓት ነው ብያት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ስትድህ ጀምሮ። እዚህ ስልክ ስታጣ ነው የተናገረችው። ይህን ልሰፋ ብዬ መልሼ ሰጠኋት።» መጋረጃውን በእጇ ነካች። «አሁን አትናገርም። ምንም። ስለቱን መልሱልኝ አባ፣ ልጄን ሸጬ ነው የሰፋሁት።»

አባ ተክለ ሃይማኖት ልጅቷን አዩ፤ ጣቷን አዩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«መልአኩ እርቃኑን ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አሏት ቀስ ብለው። «ያረጀው መጋረጃ ምን ነበረበት?»

ሌላ ሰው አልሰማም። እልልታው አላቆመም። አዜብ ከሕዝቡ መሐል ፋሲካን አየቻት፤ እያጨበጨበች ነው፤ እንባዋ ወርዷል። «ፋሲካ!» ብላ ተጣራች። ፋሲካ ፈገግ አለችላት። አልሰማችም።

ደጀ ሰላሙ ላይ የቆመው ሕዝብ ስልኩን አወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። መጋረጃውን ፎቶ ሊያነሡ፣ የዳነችውን ልጅ ሊያነሡ። ስልኮቹ ከራስ በላይ ቆመው በፀሐዩ ብልጭ ብልጭ አሉ።

ማሬ ከሥዕሉ ዞረች። ፊቷ በራ። እጇን ከእናቷ እጅ አስለቀቀችና ወደ ስልኮቹ ሄደች፤ ሕዝቡ እየሣቀ መንገድ ለቀቀላት።

«ማሬ» አለች አዜብ።

«ማሬ።»