ሠላሳ ስድስት ሰከንድ

«መጀመሪያ አንተ ክፈት አልኩህ።»

«አለቃዬ ቀድመህ እንዳትከፍት ብሎኛል፤ ምን ላድርግልህ ጋሼ?»

«የኔም አለቃ እንደዚያው ነው ያለኝ።»

«እንግዲያው ቆመን እንዋላ።»

ሁለቱ ሰዎች የሚነታረኩት መስቀለኛው መንገድ ጥግ ላይ በተተከለ ግራጫ የብረት ሣጥን ፊት ቆመው ነው። መብራቶቹን የሚያዘው ዕቃ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጓጉንቸሮች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ የመንገዶች መሥሪያ ቤት፣ ሌላው የትራፊክ ፖሊስ። መብራቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ዓመት ሞልቶታል። መንገዶች «የተከልነው እኛ ነን» ይላል፤ ፖሊስ «ፀሐይ የሚመታው እኛን ነው» ይላል። ባለፈው ወር ፖሊስ የራሱን ጓጉንቸር ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የከፈተ የሌላውን ጌትነት እንዳመነ ይቆጠራል ተብሎ፣ ሁለቱም ወገን ቀድሞ እንዳይከፍት ታዘዘ።

መብራቱ በአንደኛው በኩል ቀይ ላይ ተቸክሎ ከቀረ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። የመኪናው ሰልፍ እስከ ድልድዩ ደርሷል። አንድ የታክሲ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እናንተ፣ ሽማግሌ እንላክባችሁ?» አለ።

ጥገና ሠራተኛው፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለመብራቱ የሚለው፣ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ፖሊሱ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ፊሽካው ይሉታል፤ ባለመብራቱ ግን ሱሪው እየወለቀበት ከሚሮጥበት ዕድሜው ጀምሮ ያውቀዋል።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን አብረን እንክፈት» አለ ፊሽካው በመጨረሻ።

አብረው ከፈቱ። ባለመብራቱ የላላ ሽቦ አገኘና አጠበቀ። መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ፊሽካው ግን ከትከሻው በላይ አሻግሮ ወደ ሣጥኑ ውስጥ እያየ ነበር።

«የእግረኛው ሠላሳ ስድስት ይላል። ወረቀቱ ላይ እኮ አሥራ ስምንት ሰከንድ ነው።»

ባለመብራቱ በሩን ገፋ አደረገው። «ወሬውን ዝጋው።»

«ጋሼ፣ ሰልፉ ለምን ድልድዩን አልፎ ይሄዳል እያልን ዓመት ሙሉ ስንጣላ...»

«ለእህትህ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻለም። ሚስቱ ግራ ጎኗ ከተያዘ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ማንም እንዲደግፋት ሳትፈቅድ፣ በምርኩዝ መንገዱን ተሻግራ ወደ ክሊኒኩ ትሄዳለች። በፊት መብራቱ መሃል መንገድ ላይ ይቀድማት ነበር፤ ጥሩምባ ይነፋባታል፣ ትደነግጣለች፣ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ባለመብራቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሣጥን አጠገብ ቆሞ እርምጃዋን ለካ። ከዚያ፣ የፖሊስ ጓጉንቸር ገና ሳይመጣ፣ ሰከንዱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያለ ጨመረ።

«በየሳምንቱ ለምን?» አለ ፊሽካው።

«እንዳይታወቃት። እየተሻላት የመጣች እንዲመስላት።»

መስሏታልም። ባለፈው ዓርብ ከሕክምና ስትመለስ ከበሩ ሳትገባ «ስማ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ተሻግሬ ጨርሼ መብራቱን ዞሬ አየሁት፤ ገና አረንጓዴ ነው። እግሬ መጣልኝ» ብላው ነበር። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብታ በአንድ እጇ ሽንኩርት ልትልጥ ሞከረች። ሳቀችም፤ ስትስቅ ከሰማት ስንት ጊዜው።

ፊሽካው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «አላየሁም» አለ። «አፌን አሰር አድርጌዋለሁ ጋሼ።» በሩን አብረው ቆለፉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ለስብሰባ ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ሰፊ። የመንገዶቹ ኃላፊ በአንድ ጫፍ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ኮማንደር በሌላው፣ ባለመብራቱና ፊሽካው ከየአለቃቸው ጀርባ። ባለመብራቱ የግድግዳውን ሰዓት ደጋግሞ ያያል። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ሚስቱ አራት ሰዓት ላይ ትሻገራለች።

የመንገዶቹ ኃላፊ ወፍራም ማህደር ዘረጋ። መጨናነቁ የመጣው የፖሊስ አባላት መብራቱን ትተው በእጃቸው ስለሚያስተናግዱ ነው፣ በተለይ በዚህ መስቀለኛ፣ አለ። የፊሽካውን ስም ከነማዕረጉ ሦስት ጊዜ አነበበ። ኮማንደሩ ዞሮ ፊሽካውን አየው። አስተያየቱ ረዘም አለ።

«ምን ትላለህ?»

ፊሽካው ተነሳ። ባለመብራቱ «እንዳትናገር» ለማለት አንገቱን በጥቂቱ ነቀነቀ፤ ሌላ ሰው ቢያየው ዝንብ ያባረረ ይመስለዋል።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእጅ አይደለም። የእግረኛው አረንጓዴ እጥፍ ሆኗል፤ ባይኔ ነው ያየሁት።» ወደ ባለመብራቱ ሳያይ ቀጠለ። «ባለሙያው ለሚስቱ መሻገሪያ ብሎ ያስረዘመው ነው።»

ሚስቱ እህቱ መሆኗን አልተናገረም።

በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ሌሎች ሠራተኞች አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። «ለሚስቱ ቀሚስ መግዛት አቅቶት ነው?» አለ አንዱ። የመንገዶቹ ኃላፊ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ባለመብራቱ። «ግን እዚያ ክሊኒክ የሚሻገሩት ሁሉ እንደሷ ናቸው። አሥራ ስምንቱ የተለካው በጎረምሳ እግር...»

«ከተማ በሚስት እርምጃ አይመራም» አለ ኮማንደሩ።

«በዚህ እንኳ እንስማማለን» አለ የመንገዶቹ ኃላፊ።

ዓመት ሙሉ ያልተስማሙ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ሁለቱም ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ተረኛው ጥገና ሠራተኛ ተጠርቶ ቁልፎቹን ወሰደ፤ አሁኑኑ ወደ አሥራ ስምንት እንዲመልሰው ታዘዘ። ባለመብራቱ ሰዓቱን አየ። ለአራት ሩብ ጉዳይ።

«ቢያንስ ቀስ በቀስ ይቀነስ» አለ። «በየሳምንቱ ሁለት ሁለት።»

የሰማው የለም። ክርክሩ ወደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ዞሮ ነበር።

«ሠራተኛው የኛ ስለሆነ ደብዳቤውን የምንጽፈው እኛ ነን።»

«ጥፋቱ የተፈጸመው በትራፊክ ፍሰት ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚጽፈው ፖሊስ ነው።»

«ማህተሙስ?»

«ሁለት ማህተም ይሁን።»

«ሁለት ከሆነ የማን ከላይ ይሆናል?»

ፊሽካው መሬት መሬት ያያል። ባለመብራቱ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ እንዲያየው ጠበቀ። ሚስቱ ስትቀልድ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ትለዋለች፤ የአህያ ወንድም ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ተረት ግን የለም። ይህን ሲያስብ ከንፈሩ ሳቅ ለማለት ሞከረና ተወው።

አሁን ከቤት ወጥታለች። ደረጃውን በቀኝ እግሯ ጀምራ ወርዳለች፤ ባለፈው ዓርብ «እግሬ መጣልኝ» ስትለው የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳለች። ጠርዙ ላይ ቆማ አረንጓዴውን ትጠብቃለች፤ ስታየው ሳትፈራ ትገባበታለች።

ወንበሩን ድምፅ እንዳያሰማ ብድግ አድርጎ ወደ ኋላ አሸሸው። ኮማንደሩ «ከላይና ከታች ሳይሆን ጎን ለጎን ይሁን፤ ግራው ግን የኛ ነው» እያለ ነበር። ባለመብራቱ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወጣ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

የመንገዶቹ ኃላፊ ማህደሩ ጠረጴዛውን ስላጣበበበት፣ ከኋላው ያለውን ባዶ ወንበር ሳብ አድርጎ አስቀመጠበት።