የተያያዙት ጫማዎች

ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከቡድሃ ቤተ መቅደሳችን፣ ከፓጎዳው፣ ስመለስ በምሰሶ ላይ ከቆመ አንድ ቤት ሥር፣ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። ግማሹን ረስቼዋለሁ። «እግሩ የሚታሰረው ማን ነው?» አለች አንደኛዋ። «ሬሳ ነዋ» አለች ሌላዋ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የኋለኛው ድምፅ የጎረቤቴ የእማማ ፓል ነበር። የልጅ ልጃቸው ፒሴት እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ነው የተወለደው። የክሊኒኳ ባለሙያ ቴቪ በጀሶ እየጠቀለለች ቀስ በቀስ አቃናቻቸው። በመጨረሻም በብረት ዘንግ የተያያዙ ትንንሽ ጫማዎች ሰጠችና፣ «ሲተኛ ካላደረጋቸው መታጠፉ ይመለስበታል» አለች።

ተመለሰበት።

ቴቪ ቤታቸው መጣች። እኔ ደረጃው ላይ መረብ እጠግን ነበር።

«ሬትሬይ እህቴ፣ እውነት ታጠልቂለታለሽ?» ብላ እናቱን ጠየቀቻት።

«ማታ ማታ አጠልቅለታለሁ።»

«እግሩ ግን እንደዚያ አይልም።»

ሬትሬይ ዞራ አማቷን አየች። እማማ ፓል አፍ የሚያቀላውን የቤትል ቅጠላቸውን ያኝኩ ነበር።

«ምን ታፈጥጪብኛለሽ? በዚህ ድዴ ብረት የምበላ መሰለሽ?»

ከቤቱ ሥር የሰማሁት ወሬ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። «እማማ፣ ስለ ሬሳ እግር ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አልኩ፣ በቀስታ።

«ያንተ ጆሮ መቼ ይሆን የሚያርፈው?» አሉ። ቅጠሉን ተፉ። «አዎ፣ እኔ ነኝ የማወልቀው። እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት። ባሌ ሞቶ ሬሳውን እንደ ወጋችን ለማቃጠል ስናሰናዳ እግሩን ያሰርኩት በዚህ እጄ ነው። በሕይወት ያለ ልጅ እግሩን አስራችሁ የምታስተኙት ምን አስባችሁ ነው?»

ቴቪ ፒሴትን ወደ ራሷ ሳበችው። ጫማውን አጠለቀችለት። ፒሴት ሁለቱንም እግሮቹን አንድ ላይ አንስቶ የቀርከሃውን ወለል ደለቀው፤ ከሥር ያሉት ዶሮዎች ተበታተኑ። ሳቀና ደገመው።

እማማ ፓል አተኩረው አዩት። «ሬሳ እንዲህ አይራገጥም» አሉ። «እናንተን ግን አሁንም አላምንም።»

«እኔን አይመኑኝ። እግሩን እያዩ ይፍረዱ» አለች ቴቪ።

«ባያደርገውስ?»

«በእግሩ ጎን ነው የሚረግጠው፤ ይቆስልበታል። ይሄን ደረጃ እንኳ ሰው ካልያዘው አይወጣም።»

ሬትሬይ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«እንግዲያው እኔ ነኝ የማጠልቅለት» አሉ አሮጊቷ። «ማንም እንዳይነካብኝ። ራሱን ደግሞ ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነው የማስተኛው፤ ወደ ምዕራብ የሚያስተኙት የሞተን ነው።»

«ወደ ፈለጉት ያዙሩት» አለች ቴቪ።

«ነይ እንግዲያው፣ አቆላለፉን አሳዪኝ።»