በሩ በልጄ ድምፅ ያወራል

ይኸው ከጠዋት ጀምሮ በሩ «አልተፈቀደም» ይለኛል። ያውም በገዛ ልጄ ድምፅ!

አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልቼ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ ቆሜያለሁ። ጓደኛዬ አስካለማርያም ሳሪስ አቦ፣ ቤቷ ታማ ተኝታለች። እሁድ ስለያት «ማክሰኞ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ» ብላኛለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እኔ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመቆለፊያ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

«ክፈት!» ስለው፣ «አልተፈቀደም። እናመሰግናለን» ይላል። ምኑን ነው የምታመሰግነው፣ አንተ ቆርቆሮ!

ይህ መቆለፊያ የንጋት ኮከብ ሥራ ነው፤ እኔና አስካለ ወጣትነታችንን የጨረስንበት፣ እዚሁ አቃቂ ያለው ፋብሪካ። ያኔ የሚሠራው ራዲዮ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሽቦ እንበይዳለን፤ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እሷ ታስቀኛለች። ወይ ያ ራዲዮ! ምሳ ሰዓት ላይ የሞተ ሰው ስም ሲነገር ሰፈሩ ሁሉ እኩል ይሰማል፣ እኩል ያለቅሳል። ከዚያ ካሴት ማጫወቻ መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ያ ባለ መብራቱ ሞባይል። እኛ ጡረታ ስንወጣ ልጄ ትንቢት እዚያው ተቀጠረች። አሁን የሚሠሩት ይህን የሚያወራ በር ነው፤ ድምፁን የሰጠችውም እሷ ናት። የተገጠመ ቀን ጎረቤት ጠርቼ አሰምቻለሁ፤ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ሞባይሌን ጠዋት «ባትሪውን ላስቀይርልሽ» ብላ ይዛው ወጣች። ስትወጣ ዓይኔን አላየችም።

በሩን በቡጢ ደበደብኩት። ጎረቤቴ ኦላና ከፊት ለፊት ካለው ቤቱ ሲወጣ ሰማሁት።

«ኦላና፣ ልጄ፣ ተቆልፎብኛል። ትንቢት ጋ ደውልልኝ!»

ሌላ ጊዜ ወሬው አያልቅም፤ ዛሬ «እሺ» ብቻ አለኝ። ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን በሩ ላይ አስጠጋልኝ።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ። በሩን የልጅ መቆለፊያው ላይ አድርጌው ነው፤ ከውስጥ አይከፈትም። ስመጣ እከፍትልሻለሁ።»

«የምን ልጅ? እኔ ነኝ ልጅ?»

«ደም ግፊትሽን አስቢ፣ በናትሽ።» ቶሎ ዘጋችው።

«ይረጋጉ እትዬ አሰፋች፣ ትመጣለች» አለ ኦላና። ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት።

ከንዴቴ ብዛት አለቀስኩ። ሰባ ዓመት ኖሬ፣ ባሳደግኋት ልጅ እንደ ሕፃን ይቆለፍብኝ? በረንዳ ወጣሁ። ታች ረዳቱ «ሳሪስ! ሳሪስ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ከአራተኛ ፎቅ ምን ልሁን፣ ልብረር? ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። ቤቱ ጠበበኝ። አጥሚቱ ቀዘቀዘ፣ እንደገና አሞቅኩት። አስካለ ስትቀየም ቶሎ አይበርድላትም፤ ምን ብዬ እንደምታረቃት ማሰብ ጀመርኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ።

«በሩ ተከፍቷል። መልካም ቀን ይሁንልዎ!» አለ በሩ፣ በዚያ በልጄ ደስተኛ ድምፅ።

ትንቢት ከፊት ቆማለች፤ ዓይኗ አባብጧል። ከኋላዋ ኦላና፣ የእድራችን ሰዎች፣ የአስካለ ታላቅ ልጅ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የሁሉም ጫማ አፈር ለብሷል።

«መቼ?» አልኩ።

«ሌሊት ነው፣ እማዬ። ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ... ደም ግፊትሽን ፈርቼ...»

«ተቀበረች?»

የጫማቸውን አፈር እንደገና አየሁት።

«እኔ ሳልሸኛት? አፈር ሳላለብሳት?» ብዬ ጮኽኩ። «የእኛ ራዲዮ እንኳ ሞት አይደብቅም ነበር!»

አንዲት ሴትዮ ክንዴን ይዘው «ተቀመጪ፣ እህቴ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ፔርሙሱ አሁንም እጄ ላይ ነው፤ አጥሚቱ ውስጡ እንደሞቀ ነው። ታች ረዳቱ «ሳሪስ! ሳሪስ!» ይላል።

«ዝጊው በሩን» አልኳት ልጄን። «አሁን የት ልሄድበት ነው?»