የሚሊሜትር እጅ

«የካርድ መቁረጫ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው ካልተገኘ፣ ቅዳሜ ባዛሩ ላይ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፈን መዋላችን ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ወደ ሚጡ ጆሮ ጠጋ ብላ። ሐዘን ቤት መሆኑን አስባ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። ግን ዕድሜ ልኳን በፀጉር ማድረቂያ ጩኸት ላይ ስታወራ የኖረች ሴት ሹክሹክታ ለጎረቤትም ይተርፋል።

አጠገቧ የተቀመጡት ጡረተኛዋ አስተማሪ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «ቀስ በይ እንጂ! አፈሩ እንኳ አልደረቀም።»

«እኔ ምን አልኩ? የሚጠብቁን የታመሙ ልጆች ናቸው።»

ሚጡ ሻይዋን አማሰለች። ሃምሳ ዓመት ሞልቷት ሚጡ መባሏ የታላቅ እህቷ ሥራ ነበር፤ ታላቅ ባለበት ቤት ታናሽ አያድግም። አሁን ታላቋ ተቀብራ፣ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል። እውነቱን ለመናገር ግን ሚጡ እፎይ ብላለች። ከቀብሩ ማግስት ፀሐይ ፊቷን እስኪመታት ተኝታ፣ ስትነቃ ከእህቷ ክፍል የሚሰማ ማቃሰት አልነበረም። ተመስገን አለች፤ ወዲያው ደግሞ ተመስገን በማለቷ አፈረች።

ሟቿን ሰው ሁሉ ሚሊሜትር ይላት ነበር። በሥራ ዘመኗ የሕንፃ ንድፍ ስታወጣ የኖረች፣ የተጣመመ የግድግዳ ሥዕል ካየች ሰው ቤትም ቢሆን ተነስታ የምታቃና ሴት ናት። ጡረታ ስትወጣ ካርቶን እንደ ዳንቴል የሚቆርጥ ማሽን ገዛች። ከሁለቱ ወዳጆቿ ጋር ሆና ለሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል መርጃ የሚሸጥ የመልካም ምኞት ካርድ መሥራት ጀመረች። እሷ ትቆርጣለች፣ ፀጉር ሠሪዋ ሪባኑን ታስራለች፣ አስተማሪዋ በዚያ ባማረ እጃቸው ምኞቱን ይጽፋሉ። ማሽኑን ግን ከእሷ በቀር ማንም አይነካውም።

ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሚጡ፣ አንቺ ትቆርጫለሽ» አለቻት አንድ ቀን፣ በሩን ዘግታ። «ግን እጇ ከዳት እንዳይሉኝ። ከሞትኩ በኋላም ቢሆን! ማይልኝ።»

ሚጡ ማለች። ዓመት ሙሉ ሚሊሜትር አልጋዋ ላይ ሆና ስታዝዝ፣ ሚጡ ስትቆርጥ ቆየች። ትዕዛዙም አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የተቆረጠው ካርቶን፣ ማሽኑ ላይ ከሚጣበቅበት ሙጫ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲነሳ እንዳይጠቀለል፣ ገልብጦ ምንጣፉን ከካርቶኑ መላጥ ነው። ሚጡ ግን ሁልጊዜ ትቸኩልና ካርቶኑን ትጎትታለች።

«ምንጣፉን! ምንጣፉን ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ደንቆሮ!»

«እሺ እትዬ።»

አሁን ታዲያ ምን ይሻላል? ማሽኑን ካስነሳች የእህቷ ገመና ይወጣል። ካላስነሳች ልጆቹ ባዶ ይቀራሉ። ሚጡ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሳች።

«ድሮ ቆርጣ ያስቀመጠችው ይኖር ይሆናል። ልይ።»

ሁለቱ ሴቶች ተከትለዋት ወደ ሥራ ክፍሉ ገቡ። አንዱን መሳቢያ ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች። እንደሌለ እያወቀች መፈለጉ ከማልቀስ ይልቅ አደከማት።

«ሚጡዬ» አሉ አስተማሪዋ በሩን ዘጋ አድርገው፣ «ለምን ትለፊያለሽ? እንደለመድሽው ቁረጪልን።»

ሚጡ እጇ መሳቢያው ላይ ቀረ። «እንደለመድሽው?»

«እትዬ ሚሊሜትር በሕይወቷ የተጠቀለለ ካርድ አውጥታ ታውቃለች?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ዓመቱን ሙሉ ያመጣሽልን እኮ ጥግ ጥጉ ጆሮ አውጥቶ ነው!»

«እና... ዝም አላችሁ?»

«ምን እናድርግ፣ እሷ ደስ ይበላት ብለን ነዋ» አሉ አስተማሪዋ። «እኔ ሌሊቱን መዝገበ ቃላቴ ሥር አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ቀጥ ይላል። ይኸው ነው።»

«አልበቃ ሲላቸው ላዩ ላይ ይቀመጡበታል» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አንድ ቀን ነው የተቀመጥኩበት!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እውነት ነው። ሚጡ አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። ሳሎን ያለው ለቀስተኛ ጸጥ አለ። ብትሳቀቅም ማቆም አልቻለችም፤ ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ምስጢር ከትከሻዋ ሲወርድ ታወቃት። መሐላዋን አላፈረሰችም፣ የእህቷም ክብር አልተነካም። ሴቶቹም እንደ እሷው ጠብቀውት ኖሯል።

ማሽኑን አስነሳች። ቢላዋው ዝዝ እያለ አበባውን ማውጣት ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች የለቅሶ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጎኗ ተቀመጡ።

ሚጡ ግን ሳቋ ሳያልቅ ብድግ አለች። ይህንንማ ለእትዬ መንገር አለባት! መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥሎ «ተቀመጡበት?» ትላለች፣ ከዚያ ያ ደረቅ ሳቋ ይመጣባታል። ኮሪደሩን ፈጠን ብላ አቋረጠችና የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረገችው። አልጋው ተነጥፏል። መስኮቱ ክፍት ነው።

ሚጡ እጀታውን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደሚደረገው፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ቀስ አድርጋ መልሳ ዘጋችው።