መግዣና መሸጫ

እኔ ይኸነው ሞኝ አይደለሁም። ዘንገና ዙሪያ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል ሁሉ ይህን ይመሰክርልኛል። ነጋዴ አይሱዙ ይዞ መጥቶ ዋጋ ሲያራክስብኝ፣ ዛፉ እንደሆነ ቆሞ ቀለብ አይጠይቅ፣ ሂድ ብዬ እሸኘዋለሁ። ዘንድሮ ያልሸጥሁት ለከርሞ እሱም ወፍሮ፣ ዋጋውም ጨምሮ ይጠብቀኛል። ስንቱ ተቻኩሎ ሸጦ ሲጸጸት አይቻለሁ።

ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው ልጄ ቤዛዊት ለእናቷ መታከሚያ አንድ ሺህ ዶላር ሰደደች። ይዛልን የመጣችው የጎረቤታችን ልጅ ሕይወት ናት። የባለቤቴ የማሪቱ ማሕፀን ላይ እባጭ ተገኝቶ ነበር፤ የባሕር ዳሩ ሐኪም በዚህ ወር ካልወጣ ይሰራጫል ብሎናል።

በማግስቱ እንጅባራ ወርጄ ባንክ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ መግዣ መቶ አሥራ ሁለት፣ መሸጫ መቶ አሥራ አራት። በመቶ አሥራ አራቱ መንዝሪልኝ አልኋት ገንዘብ ከፋይዋን። ልጅቱ በትሕትና አስረዳችኝ፤ መሸጫ ማለት ባንኩ ዶላር ለሚፈልግ ሰው የሚሸጥበት ነው፣ ከእርስዎ የምንገዛው በመግዣው ነው አለችኝ። እንዴት ተደርጎ! ዓይኔ እያየ ሁለት ሺህ ብር ልትቀንስብኝ! ደሜ ፈላ። መግዣው መቶ አሥራ አራት ሲገባ እመለሳለሁ ብዬ ዶላሬን አንስቼ ወጣሁ።

በሦስት ሳምንት ገባ። መሸጫው ግን መቶ አሥራ ስድስትን አልፎ ሄዷል። ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ለካ ሁለቱ መቼም አይገናኙም፣ ልዩነቱ የባንኩ እንጀራ ነው። ከገባኝ በኋላ ብመነዝረው ምን ነበረበት? አይ እኔ! መጨመሩን አየሁና እንደ ዛፌ ትንሽ ይቁም አልሁ። ማሪቱን፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኋት። ወገቧን በመቀነት ጠፍራ እየተቀመጠች፣ «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ ኖሮ።

ቤዛዊት እሑድ እሑድ ስትደውል፣ ወረፋ እየጠበቅን ነው እላት ነበር። ልጄን ሦስት ወር ሙሉ ዋሸኋት።

መግዣው መቶ ሃያ አምስት ሲሞላ መነዘርሁት። አሥራ ሦስት ሺህ ብር አተረፍሁ፤ ባንክ በራፍ ላይ ቆሜ ፈገግ እንዳልሁ አስታውሳለሁ፣ አፈር ያስበላኝ። በነጋታው ማሪቱን ደግፌ ባሕር ዳር ወሰድኋት። ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ አይቶ ወደ ጎን ጠራኝ። አሁን ቢቆርጧትም አትድንም፣ ቤቷ ወስደህ አሳርፋት አለኝ። በሃያኛው ቀን ቀበርኋት። ትርፉ ለድንኳንና ለሰልስት ሄደ።

ቤዛዊት መርዶውን ከሰማች በኋላ ደወለች። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ድምፅዋን አለስልሳ፣

«አባየ፣ የላክሁት ብር አንሶ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አዎ ልጄ፣ ትንሽ አንሶ ነበር» አልኋት።

እየተንሰቀሰቀች ይቅር በለኝ አባየ አለችኝ። እኔም ይቅር አልኋት።