የታናሽየዋ ጨጓራ

ታላቅየዋ የእህቷን የጨርቅ ቁርጥራጭ ከረጢት ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የተደበቀ ክኒን ስትፈልግ ቆይታ አንዲት ነጭ ክብ ነገር አገኘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት። የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች።

«እትዬ፣ ውጬዋለሁ አልኩሽ እኮ» አለች ታናሽየዋ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከታመመች ወዲህ በግራ እጇ ሆዷን ደግፋ በቀኟ ነው የምትሠራው።

«ከዋጥሽው ታዲያ የት ገባ? እኔን በአንድ ዙር ያዳነኝ መድኃኒት አንቺን በሦስት ዙር እንዴት እምቢ ይላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ከአንድ ማህፀን ወጥታችሁ፣ ከአንድ ሳህን በልታችሁ» አለች እናታቸው አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች። «ይቺ ልጅ ድሮም መራራ ነገር አትወድም። ትተፋዋለች።»

ሁለቱም እህትማማቾች ያው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸው ነበር። ታላቅየዋ በሁለት ሳምንት ድና ፊቷ ወዝ አወጣ። ታናሽየዋ ያንኑ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ጨርሳ ሦስቱንም ጊዜ ባክቴሪያው አልጠፋ አላት፤ ባለፈው ወር ጭራሽ ቁስሉ መድማት ጀመረ። ከሕመሙ ይልቅ ያከሳት ግን ውሸታም መባሉ ነው። በዚህ ቤት የታላቅየዋ ቃል አይታጠፍም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ሸጣለች፤ ዘመድ አዝማዱ «ዶክተሯ» ይላታል፤ እሷም አንድ ቀን ዶክተርስ አይደለሁም ብላ አታውቅም።

የዚያን ቀን ወደ ሐኪም ቤት አብራት የሄደችው ልታሳጣት ነበር። ተራቸው ደርሶ ገና ሳይቀመጡ ጀመረች።

«ዶክተር፣ እውነቱን እንነጋገር። ይቺ ልጅ መድኃኒት አትወስድም።»

ወጣቱ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና አላለም። «ብትወስደውም አይሠራላትም ነበር» አለ።

«እንዴት?»

«በቱቦ ከጨጓራዋ የወሰድነውን ናሙና ላቦራቶሪው መርምሮታል። ባክቴሪያው ዋናውን አንቲባዮቲክ ተላምዶታል። በዚያ ላይ የደም ምርመራዋ እንደሚያሳየው፣ ሰውነቷ አሲድ የሚቀንሰውን ክኒን ከብዙ ሰው በበለጠ ፍጥነት ሰባብሮ ያስወግደዋል። አሲዱ ካልቀነሰ አንቲባዮቲኩም በደንብ አይሠራም። አፈጣጠሯ ነው፤ ጥፋቷ አይደለም።»

«እኔ እኮ የእናት የአባቷ ልጅ ነኝ፤ ድኛለሁ።»

«እህትማማቾች በዘር የሚወርሱት ሁሉ አንድ አይደለም።»

ታናሽየዋ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ዐይኗ እንባ ሞላ። በስምንት ወር ውስጥ ያመናት የመጀመሪያው ሰው ይሄ ሐኪም ነው። ታላቅየዋ መስኮቱን ታያለች።

«ይህን አንቲባዮቲክ ከዚህ በፊት ወስደሽ ታውቂያለሽ? ለሳል፣ ለጉሮሮ?» ሲል ሐኪሙ ታናሽየዋን ጠየቃት።

«ብዙ ጊዜ» አለች ታናሽየዋ። «ጉንፋን ሲጀማምረኝ እህቴ ከሥራ ቦታዋ ሁለት ሦስት ፍሬ ታመጣልኛለች። ትንሽ ሻል ሲለኝ እተወዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ በሷ ነው የቆምኩት።»

ምስጋናዋ ነበር። ተንኮል አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ለታላቅየዋ ይቀላት ነበር።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ የተላመደው በዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሦስት ፍሬ ባክቴሪያን አይጨርሰውም፤ ያደነድነዋል።» ወደ ታላቅየዋ ዞረ። «እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ንግድ» አለች።

ታናሽየዋ ዞር ብላ አየቻት፤ አላረመቻትም። ሐኪሙ አዲስ ማዘዣ ጻፈ፤ አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ለዐሥራ አራት ቀን። ይህም ካልሠራ የሚቀራቸው ምርጫ ጥቂት መሆኑን ሳይሸፋፍን ነገራት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታናሽየዋ ሸክም እንደወረደለት ሰው ትራመድ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ አልተቀየምኩሽም። ለኔ ብለሽ ነው። ለእማዬ ብቻ አንቺ ንገሪያት፤ እኔ ብላት አታምነኝም።»

«እሺ።»

እሺ ስትል ከልቧ ነበር። ግን መንገዱ ረጅም ነው። እናቷ ለጎረቤት ታወራለች፣ ጎረቤት ፋርማሲው ድረስ ያደርሰዋል፣ «ዶክተሯ የገዛ እህቷን አበላሸቻት» ይባላል። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ደግሞ አልተቀየምኩሽም መባሏ ነው። ብትሰድባት መልስ አታጣም ነበር።

ገና ከመግባታቸው እናታቸው «ምን አለ?» አለች።

ታናሽየዋ እህቷን አየቻት። ፈገግታ ሊቀድማት ምንም አልቀረው።

ታላቅየዋ ጫማዋን እያወለቀች፣ «አዲስ መድኃኒት አዟል» አለች። «ግን እንደ እስካሁኑ እያቋረጠች የምትወስድ ከሆነ ሁለተኛ እንዳትመጣብኝ ብሏል።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች እናት። «በይ ማዘዣውን ለእህትሽ ስጫት። እሷ እየቆጠረች ትስጥሽ።»

ታናሽየዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ታላቅየዋ ጥቂት ጠበቀቻት። ከዚያ እጇን ዘረጋች።